ሞላ ከማስቆረጥ ሞላ መቀየር፦ መኪናዬን ዝቅ አድርጌ ምቾቱን ያቆየሁበት መንገድ

ደብረ ሲና ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። እናቴ ከኋላ ወንበር ወረደች። በሩን በሁለት እጇ ይዛ ቀጥ ማለት አቃታት። ወገቧን ከድሮም ያማታል፤ እንደዚያ ቀን ግን አይቻት አላውቅም። "ልጄ፣ ይሄ መኪና ምን ሆኖብህ ነው?" አለችኝ። መኪናው ምንም አልሆነም። ከአስራ አንድ ቀን በፊት፣ ዝቅ እንዲልልኝ ብዬ ሞላውን (መኪናውን የሚሸከመውን የተጠቀለለ ብረት) ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።

የተነሳነው ከደብረ ብርሃን ነው። የምንሄደው ሸዋ ሮቢት፣ አክስቴ ጋ ነበር። መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ሜዳውን ይጨርስና ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ጣሊያን የሰራውን ዋሻ ካለፉ በኋላ ቁልቁለት ነው። ደብረ ሲናን፣ አርማኒያን እያለፈ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ጥምዝ አለው፣ ጭጋግ አለው፣ ከባድ መኪና ያጎበጠው አስፋልት አለው። መኪና ውስጡ የደበቀውን ችግር ሁሉ የሚያወጣ መንገድ ነው።

አሁን መኪናዬ አሁንም ዝቅ ያለ ነው። እናቴም አሁንም ትሄድበታለች። ደብረ ብርሃን ውስጥ መኪናውን አይተው "የት ነው ያስቆረጥከው?" የሚሉኝ ልጆች ስለበዙ ነው ይህን የምጽፈው። አልተቆረጠም። እንዴት እንደተሰራ በዝርዝር ልንገራችሁ።

መኪናዬ ሌክሰስ አይኤስ 300 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2002። ጃፓን አገር አልቴዛ የሚባለው መኪና ወንድም ነው። ባለ 3 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ የኋላ ጎማ የሚነዳ። አራት በር ያለው የቤት መኪና ቢሆንም ጥምዝ ላይ ደስ እንዲል ተደርጎ የተሰራ ነው። ሲያቆሙት ግን ከፍ ብሎ ይቆማል። በጎማውና በፓራፋንጎው፣ ማለትም ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው የገላ ክፍል፣ መካከል አራት ጣት ይገባል። ይህ ክፍተት ዓይኔን ይረብሸኝ ነበር። ጥምዝ ላይም ገላው ትንሽ ይንጋደዳል። ዝቅ ቢል ሁለቱም እንደሚስተካከል አውቅ ነበር። ሌላ መኪና መግዛት ደግሞ አሁን ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መንከባከብና ማሳመር ነው የቀረን።

ያስቆረጥኩበት ጋራዥ ሥራውን ለመጨረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ፊት ሁለት ጥቅል፣ ኋላ አንድ ተኩል ጥቅል በግራይንደር ቆረጡ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ 38 ሳንቲሜትር የነበረው 31 ሳንቲሜትር ተኩል ሆነ። ከውጭ ሲታይ በጣም ያምር ነበር። ከተማ ውስጥ ቀስ ብዬ ስነዳው ጠንከር ከማለቱ በቀር ብዙም አልታወቀኝም። ጣርማበርን ስንወርድ ግን እያንዳንዱ ጉብታ ላይ "ዷ!" የሚል ድምፅ ከታች ይመጣል። ድምፁ ከወለሉ አልፎ ወንበሩ ውስጥ ይገባል። እናቴ የተቀበለችው እሱን ነው።

ከሸዋ ሮቢት ስንመለስ በማግስቱ አንድ ትልቅ ሰው ጋ ወሰድኩት። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከባድ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። "ጋሼ፣ ሞላው በጣም ጠነከረብኝ" አልኳቸው። በክሪክ አነሱት፣ በባትሪ አዩት። "ሞላህ ጠንክሮ አይደለም ልጄ። ሞላ የለህም። ላስቲክ ላይ ነው የምትሄደው" አሉኝ።

ይቺን አንዲት ነገር የተረዳ ሰው የቀረውን ሁሉ ይረዳዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይባት። ከሞላው ጋር አብሮ የሚሠራ፣ ንጥረቱን የሚያረጋጋ፣ ውስጡ ዘይት ያለው አሞርዛተር አለ። ዘንጉ ላይ ወፍራም ላስቲክ ተሰክቷል። ባምፕ ስቶፕ ይባላል። ጎማው ጉብታ ሲመታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሞላው ይታመቃል። መውጫው ሲያልቅ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ ያ ላስቲክ ይቀበለዋል። ፋብሪካው ላስቲኩን ያስቀመጠው ለክፉ ቀን ነው። የእኔ መኪና ግን ቆሞ ሳለ እንኳ እስከ ላስቲኩ የቀረው አንድ ጣት ውፍረት ብቻ ነበር። ትንሿ ጉብታ ሁሉ የክፉ ቀን ጉብታ ሆነች። ምቾቱን የወሰደው መኪናው ዝቅ ማለቱ አይደለም። ጎማው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ማለቁ ነው።

መቁረጥ ሞላውን ራሱንም ያጠነክረዋል። ሞላ ማለት የተጠቀለለ ዘንግ ነው። ክብደት ሲያርፍበት ዘንጉ ይጠመዘዛል። ዘንጉ በረዘመ ቁጥር በቀላሉ ይጠመዘዛል፤ ባጠረ ቁጥር ይገግማል። የሚሰሩት ጥቅሎች ስድስት ሆነው ሁለቱ ቢቆረጡ፣ የቀሩት አራቱ ከድሮው አንድ ተኩል እጥፍ ይጠነክራሉ። ያም ሆኖ ይህ ጥንካሬ የጠፋውን ቦታ አያካክስም። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሳይቆርጡ በኦክስጅን እሳት አሙቀው እንዲሰምጥ ያደርጉታል። ይህ ከመቁረጥም የባሰ ነው። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ተሰርቶ ነው። እሳት ሲነካው ያ ሥራ ይጠፋል። እየሰመጠ ይሄዳል፣ ሊሰበርም ይችላል።

ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። መኪናውን አንስተው ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ተላቀቀ። በእጅ የሚሽከረከር ሆነ። ጣርማበር ላይ፣ በአንድ በኩል ገደል እያለ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲንጠለጠል ሞላው ቦታውን ቢስት ምን ሊሆን እንደሚችል ሳስበው አሁንም ይሰማኛል። የተቆረጠ ሞላ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ሌላውን ነገር ሁሉ ተዉትና ይህን አንዱን ዛሬውኑ አንስታችሁ እዩት።

መጀመሪያ ያደረግኩት ወደ ነበረበት መመለስ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ኦሪጅናል ሞላ አራቱንም ገዛሁ። ከዚያ ቸኩዬ ሌላ ነገር አልገዛሁም። ሁለት ሳምንት ለካሁ።

አለካኩ ቀላል ነው፣ ወጪውም ከቡና ዋጋ አይበልጥም። የአሞርዛተሩን አቧራ መከላከያ ላስቲክ ወደ ላይ ትሰበስባላችሁ። ዘንጉ ላይ ኤሌክትሪሻኖች ሽቦ የሚያስሩበትን ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ታስራላችሁ። ዘንጉን የሚቧጭር ብረት ወይም ሽቦ አይሆንም፤ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። ማሰሪያውን ወደ ታች ገፍታችሁ አሞርዛተሩ አንገት ላይ ታሳርፋላችሁ። ከዚያ መንዳት ነው። ጎማው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አሞርዛተሩ ማሰሪያውን ይገፋዋል። ስትመለሱ ማሰሪያው የቆመበት ቦታ ጎማው የደረሰበት ከፍተኛው ቦታ ነው።

የእኔ ልክ ይህ ነበር። በኦሪጅናል ሞላ፣ መኪናው ቆሞ፣ ፊት ለፊት ከአሞርዛተሩ አንገት እስከ ባምፕ ስቶፑ 58 ሚሊሜትር አለ። አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ 41 ሚሊሜትሩን ተጠቅሟል። 17 ቀርቷል። አንድ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። አሞርዛተሩ የሚንቀሳቀሰው የጎማውን ያህል አይደለም። በዚህ መኪና ጎማው 30 ሚሊሜትር ሲወጣ አሞርዛተሩ የሚገባው 20 ገደማ ነው። አሞርዛተሩ ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ክንድ መሃል ላይ ስለሚያርፍ ነው። ሒሳቡን ስሠራ የተቆረጠው ሞላ ለምን አንድ ጣት ብቻ እንዳስቀረልኝ ግልጽ ሆነልኝ። ከ30 ሚሊሜትር በላይ ዝቅ ማድረግ እንደሌለብኝም እዚያው ወሰንኩ። አምስት ወይም ስድስት ሳንቲሜትር ዝቅ ያለ መኪና ለፎቶ ያምራል። የኛ መንገድ ግን አይፈቅድለትም።

ከዚያ ለዚሁ ተብሎ የተሰራ ሞላ ፈለግኩ። ኤይባክ፣ ኤች ኤንድ አር፣ ቴይን የሚባሉት ስማቸው የታወቀ ነው። እኔ የወሰድኩት የኤይባክን ነው፤ ዱባይ የሚመላለስ ጓደኛዬ አመጣልኝ። ከሁለት ወር ደመወዜ በላይ ወጥቶበታል፤ ስለዚህ ሳልጣራ አልገዛሁም። ጥቅሎቹ እኩል አይደሉም። በአንደኛው ጫፍ የተጠጋጉ፣ በሌላው የተራራቁ ናቸው። ትንሽ ጉብታ ሲመጣ ሁሉም ጥቅሎች አብረው ይሠራሉ፤ ስለዚህ ይለሰልሳል። ጫናው ሲበዛ የተጠጋጉት ይነካካሉና ከሥራ ይወጣሉ። የቀሩት ብቻ ሲሠሩ ሞላው ይጠነክራል። ለደብረ ብርሃን ኮብልስቶን ለስላሳው ክፍል፣ ለጣርማበር ጥምዝ ጠንካራው ክፍል ደረሰልኝ ማለት ነው።

ሲገዙ ስም ብቻ አይበቃም። የእኔን መኪና ገላ የያዘ ባለ 2 ሊትርም አለ። ሞተሩ ቀላል ስለሆነ የፊት ሞላው ሌላ ነው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ሞላው ላይ የታተመውን ቁጥር ከመኪናችሁ ሞዴል ኮድና ከሞተሩ ጋር አመሳክሩ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ቀለም የተቀባበት ከሆነ ተዉት።

አሞርዛተር ላይ እንዳትቆጥቡ እለምናችኋለሁ። ሞላ ይሸከማል፤ አሞርዛተር ያረጋጋል። ሞላ ብቻውን ቢሆን መኪናው አንድ ጉብታ መትቶ እስከ ጫጫ ከተማ ድረስ ሲነጥር ይሄድ ነበር። የእኔዎቹ አሞርዛተሮች 180,000 ኪሎሜትር ሄደዋል። ለስላሳውን ኦሪጅናል ሞላ እንደምንም ይዘውት ነበር፤ ጠንከር ያለውን አይችሉትም። ብዙ ሰው "ዝቅ ያደረግኩት መኪና ያንገጫግጫል" ሲል ጥፋቱን ሞላው ላይ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ግን የሞተው አሞርዛተሩ ነው። ፓራውልቱን (የመኪናውን የፊት ወይም የኋላ መከላከያ) ተጭናችሁ ስትለቁት ከአንድ ጊዜ በላይ ከተወዛወዘ አልቋል። ካልተወዛወዘ ደግሞ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ይህ ሙከራ የሚያሳየው ጨርሶ የሞተውን ብቻ ነው። ዘንጉ አካባቢ ዘይት ካረጠበው ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

እኔ አራቱንም አዲስ ኬዋይቢ አደረግኩ። አቅም ላለው ቢልስታይን ቢ8 የሚባል አለ። ከመጀመሪያውም ለዝቅተኛ ሞላ ታስቦ አጥሮ የተሰራ ነው። ያገለገለ አሞርዛተር ግን አትግዙ። ያገለገለ ሞላ ስገዛ ግድ አልሰጠኝም፤ ሞላ ካልዛገና ካልተሰነጠቀ ዕድሜው ረጅም ነው። አሞርዛተር ውስጡ ዘይትና ማኅተም ነው፤ ከውጭ ተወልውሎ አዲስ ይመስላል።

የገጠማው ቀን ሙሉ ቀን ፈጀ። ሞላውን አምቀው የሚይዙት ሁለት ባለ ብሎን መንጠቆዎች አሉ። ሁለቱ ፊት ለፊት ትይዩ ሆነው በእኩል መጥበቅ አለባቸው። የታመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል፤ ቤት ውስጥ ለመሞከር የምታስቡ እባካችሁ አትሞክሩ። ባምፕ ስቶፑንም ቀየርን። ከሞላው ጋር የመጣው ወረቀት በ12 ሚሊሜትር ያጠረ ላስቲክ እንዲገባ ያዛል። በግምት መቁረጥ አይገባም። ወረቀቱ ካላዘዘ አትንኩት። የላይኛውን የአሞርዛተር መቀመጫ ላስቲክም አብረን ቀየርን፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ድጋሚ ለመፍታት ግን ሌላ ቀን ይፈጃል።

አሁን የመጣሁት ብዙ ጋራዥ ወደሚስተው ነገር ነው። ምቾት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ይህን ቢይዝ ደስ ይለኛል።

ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች፣ ብራቾ የምንላቸው፣ ጫፋቸው ላይ ጎሚኒ የሚባል የላስቲክ ማያያዣ አለ። ጎሚኒው እንደ ማጠፊያ ዝም ብሎ የሚሽከረከር አይደለም። ላስቲኩ ከውስጡም ከውጭውም ብረት ጋር ተጣብቋል። ክንዱ ሲንቀሳቀስ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል። ብሎኑ በጠበቀበት ሰዓት ክንዱ የነበረበት ቦታ ለላስቲኩ የዕረፍት ቦታው ይሆናል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ካጠበቃችሁት፣ ላስቲኩ የሚያርፈው ተንጠልጥሎ ነው። መኪናው መሬት ሲወርድ ላስቲኩ ቆሞም ተጠምዝዞ ይውላል። ከሞላው ጋር ይታገላል። መኪናው ይገግማል፣ ጎሚኒውም ያለ ዕድሜው ይቀደዳል።

እኔ ጋ የሆነው ይኸው ነው። መኪናውን ተረክቤ ወጣሁ። ከበፊቱ በጣም የተሻለ ነበር፤ ግን አንድ የደረቀ ነገር አለው። ስለካው 30 ሚሊሜትር መውረድ የነበረበት የወረደው 21 ብቻ ነው። አራት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ እኚያው ትልቅ ሰው ጋ ሄጄ "ጋሼ፣ ብሎኖቹን መሬት ላይ ሆኖ እንደገና እናጥብቃቸው" አልኳቸው። አራቱም ጎማ ሥር ወፍራም ጣውላ ደርድረን መኪናውን በራሱ ክብደት አቆምነው። ሹፌር ወንበር ላይ የእኔን ክብደት የሚያህል ሰው አስቀመጥን። የብራቾዎቹን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታናቸው። ሦስተኛው ላይ መኪናው ቀጭን ድምፅ አሰምቶ ረገብ አለ። ሁሉም ሲፈታ 8 ሚሊሜትር ወርዶ ነበር። ከዚያ እዚያው እንደቆመ አጠበቅናቸው። ለዚህ ሥራ አንድ ሰዓት እንኳ አልወጣም። ያ የደረቀ ነገር ጠፋ። ከሞላው ለውጥ ይልቅ የገረመኝ ይሄኛው ነው።

ደብረ ብርሃን ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ሲሆን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መኪናው የመጀመሪያዎቹን ኪሎሜትሮች ደረቅ ይላል። አሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ዘይት በብርድ ወፍሮ ነው፤ ላስቲኮቹም ደርቀዋል። ጥቂት ሲሄድ ይለቃል። በዚያ ሰዓት ነድታችሁ ሥራው ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ። እኔ ደንግጬ ነበር።

ቀጥሎ ጎማ። መኪናው የመጣው በ17 ቸርኬ፣ 215/45 ጎማ ነው። የጎማው ጎን ከፍታ 97 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ባለ 16 ቸርኬ፣ 205/55 ጎማ ሲሆን ግን ወደ 113 ይደርሳል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ሲለካ ልዩነቱ አንድ በመቶ አካባቢ ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪው አይዛባም። ለጉድጓዱ ግን 16 ሚሊሜትር ተጨማሪ አየርና ላስቲክ አገኘሁ ማለት ነው። ጎሚስታው ጋ ቸርኬው ከፍሬኑ ጋር እንዳይነካካ መጀመሪያ በባዶ ሞከርነው። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ ትልቅ ቸርኬ ይፈልጋል። ሞላውን ዝቅ ካደረጋችሁ በኋላ ቸርኬውንም ካተለቃችሁት ምቾቱን ከሁለት በኩል ነው የምትወስዱት። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። እኔ ሞላውን መርጫለሁ። ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ ቸርኬው ትንሽ መሆኑ ዓይን አይገባም።

ንፋሱንም እዩት። ጎሚስታ ሁሉን ጎማ በልማድ 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሊሞላው ይችላል። ትክክለኛው ልክ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። የእኔን ከ40 ወደ 33 ሳወርደው እናቴ "ምን ቀየርክበት?" ብላ ጠይቃኛለች። የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው። ወደ ቆላ ስንወርድ ንፋሱን ላስተካክለው እያልኩ እጨነቅ ነበር። ደብረ ብርሃን ሞልቼ ሸዋ ሮቢት ስለካው ብዙም አይለወጥም። ከፍታው ሲቀንስ መለኪያው ላይ 2 ፒኤስአይ ገደማ ይጎድላል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ መልሶ ይሞላዋል።

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቋምና አቅጣጫ ማስተካከል፣ ለመሥራት 500 ኪሎሜትር ጠበቅኩ። አዲስ ሞላ እስኪረጋ ጥቂት ሚሊሜትር ይወርዳል። መኪና ዝቅ ሲል ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። በ30 ሚሊሜትር የሚመጣው ማዘንበል ትንሽ ነው፤ ጎማ አይጨርስም። ጎማ የሚጨርሰው የፊታቸው አቅጣጫ መዛነፉ ነው። እሱ ካልተስተካከለ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ከውጭ ሳይታይ ያልቃል። አዲስ አበባ ሄጄ በኮምፒውተር አሠራሁት። የፊት መብራቱንም በዚያው ቀን ግድግዳ ላይ አስተካከልኩ። ጣርማበር ጭጋግ ውስጥ ያለ ሰው የመብራቱ ነገር ትንሽ ነው አይልም።

ከዚህ በኋላ ያቺን የፕላስቲክ ማሰሪያ መልሼ አሰርኳት። መኪናው ዝቅ ቢልም ላስቲኩ ስላጠረ፣ ቆሞ እስከ ባምፕ ስቶፑ 50 ሚሊሜትር አለ። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 34 ተጠቀመ። 16 ቀረ። በኦሪጅናሉ ሞላ 17 ነበር። መኪናው ከድሮው 30 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ፣ ለክፉ ቀን ያለው ቦታ ያው ነው።

ጭነት ሲኖር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ከኋላ ሦስት ሰው ተቀምጦ፣ ሻንጣው ውስጥ ግማሽ ኩንታል ባቄላ ሲገባ የኋላው ማሰሪያ ላስቲኩ ድረስ ሄዳ አየኋት። ሳይጋጭ፣ በለስላሳው ነው የነካው፤ ቢሆንም ነክቷል። ስለዚህ እንደዚያ ስንጫን ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። መንደሮቹ መግቢያ ላይ ያሉትን ጉብታዎች ሰያፍ ሆኜ፣ አንድ ጎማ ካለፈ በኋላ ሌላውን እያሳለፍኩ እሻገራለሁ። ከመኪናው ሥር ዝቅተኛው ነገር ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ መቀነሻ፣ ነው። ከመሬት 11 ሳንቲሜትር ነው ያለው። ይህን ቁጥር በጭንቅላታችሁ ያዙት። ድንጋይ ስታዩ የምትወስኑት በእሱ ነው። ክረምት ላይ ውሃ የያዘ ጉድጓድ ሁሉ ከ11 ሳንቲሜትር ይበልጣል ብዬ ነው የምነዳው። ኮረኮንች ወዳለበት የመንዝ በኩል ስሄድ የወንድሜን ፒካፕ እዋሳለሁ፤ ይህንን መኪና ይዤ አልወጣም።

ለቦሎ ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት ሥራው የተሟላ መሆኑን እዩ። ብሎኖቹን ከመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎሜትሮች በኋላ አንድ ጊዜ አስፈትሹ። የሞላውን ወረቀትና ደረሰኝ መኪናው ውስጥ አስቀምጡት። ለሚጠይቅ ሁሉ የተሰራ ሞላ እንጂ የተቆረጠ አለመሆኑን ያሳያል።

አሥር ወር ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስምንት ጊዜ ያህል አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ተመላልሳበታለች፤ ስንመለስ ሸኖ ላይ ቅቤዋን ሳትገዛ አታልፍም። ለጥምቀት ሸዋ ሮቢት አክስቴ ጋ ወርደን ነበር። ደብረ ሲና ላይ እንደ ልማዳችን ለሻይ ቆምን። እናቴ በሩን ከፍታ ወረደች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቀድማኝ ሻይ ቤት ገባች።

ባለፈው ሳምንት ከሥር ስፈትሸው የኋላ ቀኙ ጎሚኒ ጠርዙ ላይ መሰንጠቅ ጀምሯል። ያኔ ተጠምዝዞ በዋለባቸው አራት ቀናት ይሁን በዕድሜ አላወቅኩም። ክረምት ሳይገባ እቀይረዋለሁ፤ ብሎኑም ጣውላ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው።